ለእህቴ የሰርግ መልስ ግጥም አንብቢ ተብያለሁ፤ ምን ልጻፍ?

ጥያቄው የመጣው ወሎ ውስጥ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ነው። ጠያቂዋ የሙሽራዋ ታላቅ እህት ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ታናሽ እህቴ በጥር ታገባለች። ሃይስኩል እያለሁ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባል ስለነበርኩ፣ የመልሱ ቀን ግጥም የምታነቢው አንቺ ነሽ ተብያለሁ። የአባታችን ወገን እስላም ነው፣ የእናታችን ክርስቲያን። ድንኳኑም ሁለት፣ ወጡም ሁለት ነው። 40 ስንኝ ጽፌ ለእናቴ አነበብኩላት። “ጥሩ ነው” አለችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ምን ጎደለው? ቅኔ ልጨምርበት? ሁለቱንም ወገን የማያስከፋ አድርጌ እንዴት ልጻፈው? ፈጣሪንስ ምን ብዬ ልጥራ? ጨርሼ በፍሬም ልሰጣትም አስቤያለሁ። እህቴ ዝምተኛ ናት። በልጅነታችን የሁለቱ አያቶቻችን መላላኪያ እሷ ነበረች። በፋሲካና በአረፋ ዳቦ ታመላልስ ነበር። የእናቴ እናት አርፋለች፣ የአባቴ እናት አለች።»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

የእናትሽን “ጥሩ ነው” በቁም ነገር እንያዘው። ወሎ ውስጥ ግጥም የነካው ሰው “ጥሩ ነው” አይልም። “እሰይ” ይላል። እልል ይላል። ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ካንቺ ስንኝ ላይ የራሱን ይቀጥልበታል። “ጥሩ ነው” የሚባለው ልጅ ለፍታ ልቧ እንዳይሰበር ነው። እናትሽ ግጥም አዋቂ ናት ማለት ነው፤ ደግሞም ትወድሻለች።

የላክሽውን 40 ስንኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ችሎታ አላጣሽም። ግን ግጥሙ ለየትኛዋም ሙሽራ ይሆናል። ስሟን አውጥተሽ የጎረቤት ልጅ ስም ብታስገቢበት ምንም አይጎድልበትም። ጨረቃ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ጽጌረዳ አለ፣ ወርቅ አለ። እህትሽ ግን የለችም። የሰርግ ግጥም በደፈናው ሲያወድስ ሰው በጨዋነት ያዳምጣል፤ ጭብጨባውም የጨዋነት ነው። ሰው ከመቀመጫው የሚነሳው “ይቺማ እሷ ናት!” ሲል ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ መጨረሻ ተመለሺ። “ዳቦ ታመላልስ ነበር” ብለሽ ያለፍሽው አለ። ግጥሙ ያለው እዚያ ነው። ሌላውን 40 ስንኝ ተይው፣ በሞቴ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። እኛ አገር ድግስ ሲደገስ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል። ቢላው ይለያል፣ ድስቱ ይለያል፣ ድንኳኑም ይለያል። የቅሬው፣ የእድሩ ማለቴ ነው፣ ዕቃ ሳይቀር “ይሄ የነእንትና ነው” እየተባለ ይደረደራል። ማንም በዚህ አይቀየምም፤ አብሮ የተኖረው እንዲህ እየተደረገ ነው። ሥጋ አይሻገርም። ዳቦ ግን ይሻገራል። ቡና ይሻገራል፣ ንፍሮ ይሻገራል፣ ለቅሶ ይሻገራል። ያን የሚሻገረውን ይዛ ትሄድ የነበረችው እህትሽ ነበረች። በሰርጉም ቀን ሁለት ሳይሆን አንድ ሆኖ ለሁለቱም ድንኳን የሚቀርበው ያንቺ ግጥም ነው። ስለዚህ ስለ ዳቦው ብትናገሪ ስለ ሁለቱም ወገን ተናገርሽ ማለት ነው። “እስላም ክርስቲያኑ ተዋዶ፣ ተፋቅሮ” እያልሽ ዜና ማንበብ አያስፈልግሽም። እንደሱ የሚል የሰርግ ግጥም ስሰማ የስብሰባ አዳራሽ የገባሁ ይመስለኛል።

ከመጻፍሽ በፊት ግን ቤት ውስጥ ጠይቂ። እናትሽን ሽንኩርት እየላጠች ሳለ አጠገቧ ቁጭ በይና አውሪያት። ዳቦውን በምን ነበር የምትወስደው? በሰፌድ ነው በሳህን? ምን ይሸፈንበት ነበር? ባዶ ዕቃ እንደማይመለስ ታውቂያለሽ፤ ታዲያ ስትመለስ ምን ተደርጎላት ትመጣ ነበር? መንገድ ላይ ቆንጥራ ትበላ ነበር? ውሻ ያባረራት ቀን የለም? እያንዳንዱ መልስ አንድ ስንኝ ይወጣዋል። የቀረውን ደግሞ የአባትሽን እናት ትጠይቂያለሽ። እሳቸው ጋ ስትሄጂ ደብተር አታውጪ፤ ደብተር ሲያዩ ነገራቸውን ያሳጥራሉ።

ወደ አጻጻፉ ልግባ። ካንቺ ግጥም አንድ ስንኝ ልውሰድ፦

እንደ ጨረቃ ደምቀሽ፣ እንደ ፀሐይ ፈክተሽ፣

ጮክ ብለሽ አንብቢው። መጀመሪያው ላይ ትንሽ ያነክሳል፣ አይደል? በቀለም ቁጥሪው። ቀለም ስል ፊደል ማለቴ አይደለም፤ አፍ ከፍቶ የሚወጣውን ድምፅ ነው። “ጠዋት” ሁለት ቀለም ነው፤ “ጠ” እና “ዋት”። መጨረሻ ላይ ያለችው “ት” ብቻዋን አትቆጠርም። በዚህ ሒሳብ “እንደ ጨረቃ ደምቀሽ” 7 ቀለም አለው፣ “እንደ ፀሐይ ፈክተሽ” 6። ዓይን አያየውም፣ ጆሮ ግን ይይዘዋል።

ለሰርግ የምመርጥልሽ የወል ቤት የሚባለውን ነው። በአንድ ስንኝ 6 ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና 6 ቀለም። ብዙው የአማርኛ ቃል ግጥም በዚህ ልክ ስለሚሄድ የሰው ጆሮ ለምዶታል። ሰንጎ መገን የሚሉት ደግሞ 5 በ5 ነው፤ ፈጠን ይላል፣ ለቀልድና ለሽሙጥ ይመቻል። 4 በ4 የሚሄደው ቡሄ በሉ ለልጆች ጭፈራ ነው፤ እሱን ለነሐሴ እንተወው። በጣትሽ ጠረጴዛ እየመታሽ ቁጠሪ። ከ6ቱ አንዷ ብታልፍ ወይ ብትጎድል ሰማይ አይወድቅም፤ የቃል ገጣሚዎቹም አንዳንዴ ቃሉን ሳብ ወይም ጠቅ አድርገው ያልፏታል። “በአረፋ” ሲነበብ “ባረፋ” ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን በጆሮ ነው የምትቆጥሪው።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ አስቆኛል፤ አትቀየሚኝ። 40ውም ስንኝ በ“ሽ” ነው የሚያልቀው። ደምቀሽ፣ ፈክተሽ፣ ታየሽ፣ አማረሽ፣ ወጣሽ፣ ገባሽ። በሞንታርቦ ሲነበብ ከድንኳኑ ጀርባ ዘይት ላይ የተጣደ ሽንኩርት ነው የሚሰማው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሙሽሪትን “አንቺ” ብለሽ ስትጀምሪ ግሱ ሁሉ ወደ “ሽ” ይጎትትሻል። መውጫው ቀላል ነው፤ ስለ እሷ ለእንግዳው ንገሪ። “አንቺ” ሳይሆን “እሷ” በያት። ያኔ ቤት የምትመቺበት ፊደል ይበዛልሻል። ዝምተኛ ሙሽራም ፊት ለፊት ስትወደስ አንገቷን ደፍታ ትጨነቃለች፤ ስለ እሷ ለሌላው ሲወራ ግን ፈገግ ብላ ትሰማለች።

ደብዳቤሽ ውስጥ ካለው ተነስቼ፣ ሰፌዱን ብቻ ገምቼ፣ ይህን ሞከርኩ። ለመነሻ ይሁንሽ፦

በፋሲካ ጠዋት፣ ሰፌድ ሙሉ ይዛ፣
በአረፋ ተመልሳ፣ ከሌላዋ ታዛ፣
በትንሽ እግሯ ነው፣ መንገድ የወጣበት፣
ሁለት ግቢ አንድ ቤት፣ አጥር የሌለበት።
ዛሬ ሦስተኛ ደጅ፣ ፈጣሪ ጨመራት፣
ሰፌዷ እንደሞላ፣ ለልጅ ልጅ ያኑራት።

ቆንጆ ነች የሚል ቃል የለበትም። ጨረቃም የለበትም። የትኛው ወገን ምን እንደሚያምን አይናገርም፤ ፋሲካና አረፋ ስላሉ ግን ሁለቱም ድንኳን ራሱን ያገኛል። “ሦስተኛ ደጅ” ያልኩት የሙሽራውን ቤት ነው። በዚያች ቃል አማቾቹም ሳይታሙ፣ ሳይሞገሱም፣ ገቡ። “ሰፌድ ሙሉ” ብዬ ጀምሬ “ሰፌዷ እንደሞላ” ብዬ የዘጋሁት ሰው ጨዋታው የት እንዳለ እንዲይዝ ነው። በቃል ለሚሰማ ሰው አንድ ነገር ሁለቴ ካልተነሳ ያልፈዋል።

ከዚህ ላይ አንቺ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ስንኝ ጨምሪ። አንዱ ከእናትሽ ወሬ የምታገኚው ይሁን፣ አንዱ ካንቺ ትዝታ። በጠቅላላው ከ12 እስከ 16 ስንኝ ይበቃል። በርጋታ ተነቦ፣ እልልታው ተጨምሮ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ ጎረምሶቹ ዲጄውን በዓይናቸው መጥቀስ ይጀምራሉ።

“ማን ልብ ይለዋል” እንዳትይ። የምታነቢው ጆሮው በተገራ ሰው ፊት ነው። በእናትሽ ወገን የድጓና የቅኔ ሰው አይጠፋም። ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሳው የዋድላ ቅኔ ቤት የወሎ ነው። በአባትሽ ወገን ደግሞ መንዙማ አለ። በወሎው በጀማ ንጉሥ መውሊድ ያደረ አጎት ስንኝ ሲሰበር ሳይሰማ አይቀርም። የጥንቶቹ የመንዙማ ሊቃውንት አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል ነበር የሚጽፉት፤ ሕዝቡ ግን በጆሮው ይዞት ቀረ። ከሁለቱም የምትማሪው አንድ ነገር አለ፦ አዝማች። መሪው ይላል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አንቺም “ሰፌዷ እንደሞላ” የምትለዋን በየአራት ስንኙ ብትመልሻት፣ ሦስተኛው ላይ ሕፃናቱ አብረውሽ ይላሉ። አራተኛው ላይ ትልልቆቹም።

ቅኔ ልጨምር ወይ ላልሽው፣ አትጨምሪ። ለዚህ ቀን አይሆንም። ሰምና ወርቅ የሚያምረው ሰሚው ጊዜ ሲኖረው ነው፣ ወይም ተናጋሪና ሰሚ ሲተዋወቁ። በሰርግ ላይ ግማሹ እንግዳ አያውቅሽም። ሌላው ግማሽ ደግሞ ቂም የሚፈልግ ባይሆንም ቀልድ ይፈልጋል። አንዲት ቃል ላሳይሽ። “አማችን” ብትይ፣ ያንቺ ሐሳብ የጋብቻ ዘመዱ ነው። ከወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው ግን “አማችን፣ ሐሜት አወራችብን” ብሎ ሊሰማው ይችላል። የሙሽራው እናት ፊት ይህ ከተሰማ ግጥሙ እዚያው አለቀ። ቅኔ ከሌላ ቀን ጋር አይጣላም፤ ለቡና ወሬ አቆዪው።

ስለ ፈጣሪ አጠራር የጠየቅሽው ተገቢ ጥያቄ ነው። “አላህ” ብትይ አንዱ ድንኳን፣ “እመቤታችን” ብትይ ሌላው ድንኳን አፉን ይይዛል። ቢያዝንም ባያዝንም፣ በዚያ ሰከንድ አዳማጭ ብቻ ይሆናል። “ፈጣሪ” ሁሉን ያስማማል። አንዳንዶች “አላህም ይባርካቸው፣ እግዚአብሔርም ይባርካቸው” እያሉ ተራ ያደርሳሉ። እሱም ክፋት የለውም፤ ግን ሚዛን ይዞ እንደሚመዝን ነጋዴ ያደርግሻል፤ አንዱን አስቀድመሽ ሌላውን ማስከተልሽም አይቀርም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ምክሬ። ግጥምሽ ወደ ምርቃት ይሂድ። ወሎ ውስጥ ድግስም፣ ዕርቅም፣ ጉዞም፣ ሰው ሲታመምም፣ ያለ ምርቃት ነገር አይጀመርም። አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ አባጋሮቹ፣ ሲመርቁ፣ እናቶቹ ዱበርቲዎች ተሰብስበው ወዳጃ፣ የጋራ ጸሎት፣ ሲያደርጉ አይተሻል። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቀበላል። አንዱ “አሜን” ይላል፣ አንዱ “አሚን”፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሰዉ እንዲያጨበጭብልሽ ሳይሆን እንዲቀበልሽ ጻፊ። ያጨበጨበ ሰው የአንቺን ግጥም ወደደ፤ የተቀበለ ሰው ግን አብሮሽ መረቀ።

ምርቃቱ ላይ ቀለም መቁጠር አያስፈልግሽም። እዚያ የሚቆጠረው ትንፋሽ ነው። አጭር አጭር አድርጊው፣ በመሀል አንድ ትንፋሽ ተይ፦

ጎጇቸው ይሙቅ። — አሜን።
ጓዳቸው ይሙላ። — አሜን።
እንግዳ አይጥፋባቸው። — አሜን።
ከሁለቱም ወገን ምርቃት አይለያቸው። — አሜን።

ግን ጥንቃቄ። ምርቃት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። አንቺ ታላቅ እህት ስለሆንሽ ሙሽሪትን መመረቅ ይፈቀድልሻል። አጎቶችሽ ሳይመርቁ ግን አትጀምሪ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲቀመጡ ተነሽና “አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ቢፈቀድልኝ” በይ። “አብሽሪ፣ በይ” ሲሉሽ ትጀምሪያለሽ። ይህቺን ፈቃድ ዘለው ማይክ የሚቀሙ ልጆች አሉ። ግጥማቸው ግሩም ቢሆን እንኳ ትልልቆቹ ሲተያዩ ታያለሽ።

ከዚህ የሚሻል ሌላ መንገድም አለ። የመጨረሻውን ጥንድ ስንኝ ለአባትሽ እናት ስጪያቸው። ያን ዳቦ ይቀበሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ መንገዱ እሳቸው ታዛ ላይ ያልቅ ነበር። ከሰርጉ በፊት ሄደሽ በቃል አስጠኚያቸው። ሁለት ስንኝ ነው፣ ይይዙታል። አንቺ “ዛሬ ሦስተኛ ደጅ” ስትይ እሳቸው ከተቀመጡበት ይቀጥላሉ። ማይኩን ይዞ አጠገባቸው የሚቆም ልጅ መድቢ፤ አስነስተሽ አታንገላቺያቸው። ከጻፍሽው ቢለዩም አታርሚያቸው። እንደኔ ግምት ይለያሉ፣ የሚሉትም ካንቺም ከኔም ይበልጣል።

ስላረፉት አያትሽ። ማንሳት አለብሽ፤ ባታነሺ የእናትሽ ወገን ይታዘባል። ግን ስማቸውን አትጥሪ፣ “ዛሬ በኖሩ” የሚለውንም ተይ። እኛ ጋ ሙሾና የሰርግ ግጥም በአንድ ልሳን ነው የሚሄዱት፤ አንዷ እናት እንባ ከጀመረች ድንኳኑ ሙሉ ይከተላል። “ሰፌድ ሙሉ ይዛ” ስትይ ያ ሰፌድ የማን እንደነበር እናትሽ ታውቃለች። ለእሷ ያ በቂ ነው።

ከዚህ ሌላ የማይነሱ ነገሮች ብዙ አይደሉም። የጥሎሽ ወሬ አይነሳም። ማን ከማን ይበልጥ ደገሰ አይባልም። “ስንት ለማኝ ትታ እሱን መረጠች” የሚለው ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀልድ አይደለም፤ ሙሽራው ሌሊቱን ያስበዋል። “ቶሎ ውለዱ” የሚለውንም ቀስ በይበት። የሽማግሌ አፍ ላይ ያምራል፣ በእህት አፍ ላይ ግን ጥድፊያ ይሆናል።

ሙሽራውን ግን አትርሺው። ብዙ የሴት ወገን ግጥም ሙሽራውን እንደ ሹፌር ያየዋል፤ መጥቶ ወስዷት ይሄዳል። በመልስ ቀን እሱ እንግዳ ነው፣ የቤቱን ወግ ገና አያውቀውም። ለእሱ አንድ ጥንድ ስንኝ በሰንጎ መገን፣ ፈገግ በሚያሰኝ፦

አንተም ሙሽራው፣ ለመድክ ደጃችን፣
ሰፌድ ያዝላት፣ ናልን ቤታችን።

አጎቶችሽ ፊት ለወንድ ልጅ “ሰፌድ ያዝ” መባሉ ያስቃል። ሚዜዎቹ ዕድሜ ልኩን ያነሱበታል። ግን ስድብ የለበትም፤ ቤተኛ ሆነሃል ማለት ነው። ይህን ከምርቃቱ በፊት አድርጊው። ከሳቅ ወደ ምርቃት መሄድ ይቀላል። ከምርቃት ወደ ሳቅ ከሄድሽ ግን ሽማግሌዎቹ ቅር ይላቸዋል።

ስለ ንባቡ ጥቂት ልበል። ከስልክ አታንብቢ። ስልክ ይደወላል፣ ይጠፋል፣ ፊትሽም ወደ ታች ይደፋል። በደብተር ገጽ ላይ በትልልቁ ጻፊው፣ በአንድ ገጽ ከስምንት ስንኝ አይብለጥ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ “ከኋላ ላጅብሽ” ይልሻል። አይሆንም በይው። ሳያስበው የትዝታን ቅኝት ይነካና ድግሱ ወደ ናፍቆት ይዞራል። ካልሆነ አልተውም ካለ፣ ባቲም አምባሰልም የኛው አገር ስም ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ዝቅ አድርጎ ከንባቡ በኋላ ይጀምር። ሰዓቱ ምግብ ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ ጭፈራ ሳይጀመር ይሁን። ሰው እየበላ ግጥም አያዳምጥም፤ እየጨፈረማ ጭራሽ። እልልታ ሲመጣ ቁሚ። ብዙ አንባቢ እልልታውን በላዩ ላይ እየነዳ ያልፈውና የሚቀጥለው ስንኝ ይጠፋል። እልልታው ያንቺ ነው፣ እስኪያልቅ ጠብቂው።

አንድ ነገር በመንገዴ። ከቲክቶክና ከቴሌግራም የተገለበጠ የሰርግ ግጥም በየድንኳኑ ይዞራል። ሰው ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ የሰማውን ዛሬ ሐይቅ ሲሰማው ፈገግ ይላል። የተሰበረ የራስሽ ስንኝ ከዚያ ይሻላል። መፈተኛ ከፈለግሽ የሙሽራዋን ስም ቀይረሽ አንብቢው፤ አሁንም የሚያስኬድ ከሆነ እንደገና ጻፊው።

ለሌላ በዓልም ብትጠሪ፣ አንዴ ከተጀመረ አይቀርልሽምና፣ መንገዱ ያው ነው፤ የምትናገሪለት ሰው ብቻ ይለያል። በክርስትናና በዓቂቃ ሕፃኑ አይሰማሽም፤ ስለ እናቱ ተናገሪ፣ ስላልተኛችው እንቅልፍ። በምረቃ ተመራቂውን ሁሉም ያወድሰዋል፤ አንቺ ለትምህርት ክፍያው የተሸጠውን ወይፈን ጥሪው። ከሐጅ ለተመለሰ ሰው ግጥምሽን አሳጥሪ፤ እዚያ ሰዉ የመጣው እሱ ዱዓ እንዲያደርግለት ነው። ለሽማግሌ ልደት የሚጻፈው ብቻ ነው እኔን የሚያስቸግረኝ፤ ልደት ማክበር ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ስለሆነ “ምን ልሁን ብላችሁ ነው” ይላሉ። ለእነሱ ከኬኩ ይልቅ ወግ አስወሪያቸው፣ ግጥሙም የራሳቸው ወግ ይሁን።

አዲሱን ስትጽፊ መጀመሪያ ለእናትሽ አንብቢላት፣ አሁንም ሽንኩርት ላይ እያለች። ቢላዋዋን ካስቀመጠች ደርሷል። “ሰፌድ አልነበረም፣ ሳህን ነበር” ካለችሽም ደርሷል፤ ገብታበታለች ማለት ነው። አርሚውና ሒጂ።

ፍሬሙን በተመለከተ፣ አሳቡ ጥሩ ነው። በኮምፒውተር አታስጽፊው፤ የእጅ ጽሑፍሽ ይሁን። ከላይ ጽጌረዳ አትሳይበት። ከሥር ቀኑንና ቦታውን ጻፊ። ግን ለመልሱ ቀን አታድርሺው። ከበዓሉ በኋላ አሠሪው። አያትሽ በዕለቱ ምን እንደሚጨምሩበት ገና አናውቅም፤ እሳቸው ያሉትም መግባት አለበት።